የሂክማ ፊት በፋርማሲው ግድግዳ

ተረት ልጀምር ነው፤ እሺ በሉኝ። አንዱ በአንዱ ላይ ጥሎት፣ ያም በሌላው ላይ ጥሎት፣ ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ደርሶ ወደ ቤቱ ስለተመለሰ ነገር ነው የምነግራችሁ።

በኮምቦልቻ ከተማ ሰዓዳ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና የሚነዳ ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚውለው አልፎ አልፎ ነው። ቤቱን የሚሞሉት አባቷ አቶ ይማምና ልጇ ሂክማ ናቸው። አቶ ይማም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ሆነው ያረጁ፣ በምሳ እረፍት እንኳ መጽሐፍ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። አሁን ግን ዓይናቸው ደክሟል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ፊደል አይለዩም። ሂክማ ደግሞ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ፊቷ ክብ፣ ጉንጯ ስርጉድ፣ ስትስቅ ዓይኗ የሚጠፋ ልጅ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሂክማ ቦርሳዋን አንግታ ከቤት ወጣች። ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። ቦርሳዋን በሩ ላይ ጣለችና ከአያቷ አልጋ ሥር ገባች።

ሰዓዳ የስፌት መኪናዋን አቁማ ተንበረከከች። "ምን ሆንሽ የኔ እናት?"

"አልሄድም።"

"ማን ነካሽ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ፊቴ ግድግዳ ላይ አለ" አለች ሂክማ ከጨለማው ውስጥ። "ፊቴ ካልወረደ ትምህርት ቤት አልሄድም።"

ሰዓዳ ነገሩ የልጅ ወሬ መሰላት። ግን ሂክማ ከትምህርት ቤት የምትቀር ልጅ አይደለችም። ስለዚህ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ልታይ ሄደች።

እውነትም ነበር። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ፋርማሲ አለ፤ በፋርማሲው ግድግዳ ላይ የበር ያህል የሚሆን ፖስተር ተለጥፏል። ሂክማ ናት። ዓይኗን ጨፍና፣ አፏን ከፍታ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ። ከራሷ በላይ በቀይ ቀለም "ልጅዎን ሆዱን ይቆርጠዋል? ወስፋት ይሆናል!" ይላል። ከእግሯ ሥር የሽሮፕ ጠርሙስ ቆሟል።

ሰዓዳ ፎቶውን አወቀችው። ያነሳችው ራሷ ናት፣ በአባቷ ስልክ። የዒድ ዕለት ነበር። አቶ ይማም አንድ የፋብሪካ ቀልድ ነግረዋት፣ ሂክማ ሆዷን እስኪያማት ስቃ ነበር። ያ ሳቅ ግድግዳው ላይ ሲወጣ ቁርጠት ሆነ። አቶ ይማም አጠገቧ ነበሩ፤ እሳቸውን ቆርጠው አውጥተዋቸዋል። ትከሻዋ ላይ የቀሩት ጣቶቻቸው ብቻ ናቸው።

በበሩ የሚገቡ ልጆች ሰዓዳን አዩ። አንዷ ጓደኛዋን በክርኗ ጎሸም አደረገችና "የወስፋት እናት መጣች" አለቻት።

ሰዓዳ ያኔ ሁሉም ነገር ገባት። ቀጥ ብላ ወደ ፋርማሲው ገባች።

የፋርማሲው ባለቤት መክሊት የምትባል፣ ሰዓዳ ጋ ልብስ የምታሰፋ ሴት ነበረች። መደርደሪያ ስትጠርግ አገኘቻት።

"መክሊትዬ፣ ውጭ ያለውን ፖስተር አውርጂልኝ። ልጄ ናት።"

መክሊት ወጥታ አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ሂክማ! እኔ እኮ ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ ጠርሙሱን ነው ያየሁት።"

"እንግዲያው አውርጂው።"

"ሰዓዳዬ፣ እንዴት አድርጌ? የለጠፉት አከፋፋዩ ናቸው፣ የደሴው አቶ ደምሰው። እሳቸው ሳይፈቅዱ ባወርድ ተቀይመው መድኃኒት ማምጣቱን ያቆሙብኛል። ብትቀድጂውም ነገ ሌላ ይለጥፋሉ፤ ደግሞ ሌላም ቦታ አለ፤ መናኸሪያ አይቼዋለሁ። አቶ ደምሰው ይፍቀዱልኝ እንጂ በጥፍሬ ነው የምቧጥጠው።"

መክሊት አላወርድ ብላ፣ ሂክማ ትምህርት ቤት አልሄድ ብላ፣ ሰዓዳ በማግስቱ ሚኒባስ ይዛ ወደ ደሴ ወጣች።

አቶ ደምሰው ካርቶን በካርቶን ላይ በተከመረበት መጋዘን ውስጥ ስልክ ሲያወሩ አገኘቻቸው። ከሳ ያሉ፣ ሰው ሲያናግራቸው ሰዓታቸውን የሚያዩ ሰው ናቸው።

"ጌታዬ፣ የወስፋቱን መድኃኒት ፖስተር እንዲያወርዱት ነው የመጣሁ። እዚያ ላይ ያለችው ልጄ ናት። መክሊት አላወርድ ብላ፣ ልጄ ትምህርት ቤት አልሄድ ብላ ነው የመጣሁት።"

አቶ ደምሰው ደንግጠው ስልኩን ዘጉ። "የማን ልጅ ናት ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ልጅ ናት፣ ሆዷን አሟታል፣ አለቀ። በይ እህቴ፣ አዝናለሁ። ግን ባዶ ግድግዳ መተው አልችልም። ፋብሪካው መድኃኒቱን ሲሰጠኝ ፖስተር በየከተማው ይሰቀል ብሎ ነው። ማተሚያ ቤቱ በሌላ ፎቶ ሌላ ካተመልኝ፣ ይኼኛውን በደስታ ነው የማወርደው። ካልታተመልኝ ግን አልፈቅድም።"

"ማተሚያ ቤቱ የት ነው?"

"እዚሁ ደሴ፣ ከመስጊዱ ቁልቁል።"

አቶ ደምሰው አልፈቅድ ብለው፣ መክሊት አላወርድ ብላ፣ ሂክማ ትምህርት ቤት አልሄድ ብላ፣ ሰዓዳ ከመስጊዱ ቁልቁል ወረደች።

ማተሚያ ቤቱ የጋሽ አየነው ነው። ጋሽ አየነው ጣታቸው በቀለም የጠቆረ፣ በማሽን ድምፅ ውስጥ ኖረው ጮክ ብለው ማውራት የለመዱ ሽማግሌ ናቸው።

"ምን ልታዘዝ ልጄ?"

"ጋሼ፣ ሌላ ፖስተር ያትሙልኝ" አለች ሰዓዳም ጮክ ብላ። "አቶ ደምሰው ሌላ ካልታተመ አልፈቅድ ብለው፣ መክሊት ካልተፈቀደ አላወርድ ብላ፣ ልጄ ካልወረደ ትምህርት ቤት አልሄድ ብላ ነው።"

ጋሽ አየነው ማሽኑን አጠፉት። "እስቲ እንደገና ንገሪኝ፤ አልሰማሁሽም።"

ሰዓዳ እንደገና ነገረቻቸው። ጋሽ አየነው ወንበር ስበው አስቀመጧት፤ ውሃም ሰጧት።

"ሴት ልጅ አሳድጌያለሁ" አሉ። "የልጅ ፊት ቀላል ነገር አይደለም። ግን ልጄ፣ እኔ የሚሰጡኝን ነው የማትመው። ሥዕል አልሠራም፤ ሥዕል አልለውጥም። የሚሠራው ኖላዊ ነው፤ ፎቁ ላይ ነው ያለው። እሱ ሌላ ይስጠኝ፣ ሳልውል ሳላድር አትማለሁ። ካልሰጠኝ ምኑን ላትም?"

ጋሽ አየነው አላትም ብለው፣ አቶ ደምሰው አልፈቅድ ብለው፣ መክሊት አላወርድ ብላ፣ ሂክማ ትምህርት ቤት አልሄድ ብላ፣ ሰዓዳ በጠባቡ የብረት ደረጃ ፎቅ ወጣች።

ኖላዊ ጢሙን ያሳደገ፣ ሁለት ኮምፒውተር ፊቱ ደርድሮ የሚሠራ ግራፊክስ ሠራተኛ ነው። ሰዓዳ በሩ ላይ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበችና ጀመረች።

"ወንድሜ፣ ምስሉን ቀይርልኝ። አንተ እንድትቀይር ጋሽ አየነው ይጠብቃሉ፤ ጋሽ አየነው እንዲያትሙ አቶ ደምሰው ይጠብቃሉ፤ አቶ ደምሰው እንዲፈቅዱ መክሊት ትጠብቃለች፤ መክሊት እንድታወርድ ሂክማ ትጠብቃለች። ሂክማ ልጄ ናት። የወስፋቱ ላይ ያለችው።"

ኖላዊ ዞር ብሎ አያት። ከዚያ ፖስተሩን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተው። አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ ሰዓዳን አየ። የእናትና የልጅ ጉንጭ ላይ ያለው ስርጉድ አንድ ነው።

"እትዬ፣ እኔ አልሰረቅኩትም" አለ ቶሎ ብሎ።

"ሰረቅክ አላልኩህም።"

"ይዩት።" አንድ ገጽ ከፈተላት። የፎቶ ማከማቻ ነው። ሙሽሮች፣ ሽማግሌዎች፣ ጥርሳቸው የወለቀ ሕፃናት፣ በር ላይ የተቀመጡ ሴቶች። ወደ ታች ቢሄድ ቢሄድ አያልቅም። "ሁሉም ነፃ ናቸው። ማንም ሰው መውሰድ ይችላል።"

"ነፃ ሲሆን ምን ማለት ነው?"

"በቃ፣ ፈቅደዋል ማለት ነው።"

"እነዚህ ሰዎች ሁሉ ፈቅደዋል? ይቺ አሮጊት እዚህ መኖሯን ታውቃለች?"

ኖላዊ አንገቱን አከከ። አሮጊቷን ትንሽ አያትና ገጹን ዘጋው።

"እውነት ለመናገር አስቤው አላውቅም" አለ። "ግን እንዲህ ነው እትዬ። መድኃኒት ፋብሪካው አንዴ ያጸደቀውን ሥራ በራሴ ብቀይር ይጣላኛል። ማከማቻው ፎቶውን ከገጹ ላይ አነሳሁት ካለ ግን መጠቀም ክልክል ነው፤ ያኔ የግዴን እቀይራለሁ፣ እሱም ምንም አይለኝም። ማከማቻው ካላነሳው አልቀይርም። ስልካቸው ይኸው።"

ኖላዊ አልቀይር ብሎ፣ ጋሽ አየነው አላትም ብለው፣ አቶ ደምሰው አልፈቅድ ብለው፣ መክሊት አላወርድ ብላ፣ ሂክማ ትምህርት ቤት አልሄድ ብላ፣ ሰዓዳ እዚያው የብረት ደረጃው ላይ ተቀምጣ አዲስ አበባ ደወለች።

ብዙ ሙዚቃ ካሰሟት በኋላ አንዲት ድምፀ ለስላሳ ሴት አነሳች። "ሶስና እባላለሁ፤ ምን ልርዳዎት?"

ሰዓዳ ነገረቻት። ኖላዊን ነገረቻት፣ ጋሽ አየነውን ነገረቻት፣ አቶ ደምሰውን ነገረቻት፣ መክሊትን ነገረቻት፣ ሂክማን ነገረቻት። ሶስና ሳታቋርጥ ሰማች። ከዚያ የፎቶውን ቁጥር ጠይቃ ፈለገችው።

"አገኘሁት። በጣም የምታምር ልጅ ናት።"

"አውቃለሁ። አውጪልኝ።"

"እመቤት፣ ፎቶው የገባው በስምምነት ነው። ከእኛው የትረካ መተግበሪያ ነው የመጣው። መተግበሪያው መጽሐፍ በነፃ እያነበበ ያስደምጣል። ተጠቃሚው በምትኩ ስልኩ ላይ ያሉትን ፎቶዎች እንድንጠቀምባቸው ይፈቅዳል።"

"ማን ነው የፈቀደ?"

"ይቅርታ፣ እሱን አንናገርም። የደንበኞቻችንን ምስጢር እንጠብቃለን።"

ሰዓዳ ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም ነበር። "የልጄ ፊት የመናኸሪያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ምስጢር እንጠብቃለን ትይኛለሽ እህቴ?"

ሶስና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ባለስልኩ በራሱ አንደበት ደውሎ ስምምነቱን ካፈረሰ እኔ ራሴ አነሳዋለሁ። ካላፈረሰ ማንሳት አልችልም። ስምምነቱን ሲያፈርስ ግን ትረካው ይዘጋበታል። ነፃ የሆነው በዚያ ምክንያት ነውና።"

ሰዓዳ ስልኩን ዘጋች። የፈቀደውን ሰው ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። በቤታቸው ትረካ የሚሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ ነገሩ አንድ በአንድ መጣላት። አባቷ ዓይናቸው የደከመ ሰሞን፣ መጽሐፍ መያዝ ትተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውሉ ነበር። ብትጠራቸው አቤት ይላሉ፤ ሌላ የለም። ከዚያ አንድ ቀን ጎረቤት ስለ መተግበሪያው ነገራቸው። ስልካቸውን ይዘው ወደ ስፌት መኪናዋ መጡ። "ልጄ፣ እዚህ ላይ ብዙ ጽሑፍ አለ አሉኝ፤ ምን ይላል?" የሙሽራ ቀሚስ መርፌው ሥር ነበር። ቀና ብላ እንኳ በደንብ አላየችም። "ምንም አይደለም አባዬ፣ ተስማማ ነው የሚለው" አለችና "እስማማለሁ" የሚለውን በአውራ ጣቷ ተጫነችላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷ ከግድግዳው ዞረው ተቀመጡ።

ቤት ስትደርስ አቶ ይማም ከበረንዳው ላይ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ብቻቸውን ፈገግ ይላሉ። የእግሯን ኮቴ ሰምተው እጃቸውን አነሱ።

"ሰዓዳ፣ መጣሽ? ቆይ ቆይ፣ ሰውየው ወንዙን ሊሻገር ነው።"

ሰዓዳ ምንም ሳትነግራቸው አልፋ ወደ ስፌት መኪናዋ ገባች። ደሴ ላይ ሰውን ሁሉ ስትለምን ውላ፣ እቤቷ ደጃፍ ላይ ስትደርስ እሷም እንደ ሰዉ ሆነች።

ሰዓዳ ለአባቷ አልናገር ብላ፣ ሶስና አላነሳ ብላ፣ ኖላዊ አልቀይር ብሎ፣ ጋሽ አየነው አላትም ብለው፣ አቶ ደምሰው አልፈቅድ ብለው፣ መክሊት አላወርድ ብላ፣ ሂክማ ትምህርት ቤት አልሄድ ብላ፣ ፊቷ ግድግዳው ላይ አደረ።

በማግስቱም ሂክማ ከአልጋው ሥር አልወጣችም። ቁርሷን እዚያው ተቀብላ በላች። ሰዓዳ ስፌቷ ላይ ተቀመጠች፤ እጅጌ ስትሰፋ ግራውን በቀኝ ቦታ ሰፋችው፤ ፈታችው፤ እንደገና ሰፋች፤ እንደገና ፈታች።

አቶ ይማም በረንዳው ላይ ሆነው ስልካቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። ዓይናቸው ቢደክምም የመካኒክ ጆሯቸው አልደከመም።

"ሰዓዳ" አሉ። "መኪናሽ ዛሬ ሄድ ይልና ይቆማል። መኪናው ምንም አልሆነም። አንቺ ምን ሆነሻል?"

"ምንም አባዬ።"

"ልጂቷስ? ከእኔ አልጋ ሥር ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሆዴን አሞኛል አለችኝ፤ ውሸቷን እንደሆነ ትንፋሿ ይነግረኛል። ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ።"

ሰዓዳ ሄዳ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። እጃቸውን ራሷ ላይ ሲያኖሩ ነገሩን በሆዷ መያዝ አልቻለችም። ሁሉንም ነገረቻቸው። ሂክማ አልሄድ እንዳለች፣ መክሊት አላወርድ እንዳለች፣ አቶ ደምሰው አልፈቅድ እንዳሉ፣ ጋሽ አየነው አላትም እንዳሉ፣ ኖላዊ አልቀይር እንዳለ፣ ሶስና አላነሳ እንዳለች፣ እሷም አልናገር እንዳለች።

የአቶ ይማም እጅ ከራሷ ላይ አልተነሳም።

"የዒዱን ፎቶ ነው?" አሉ። "የሳቀችበትን?"

"አዎ አባዬ።"

"ሳቋን ነው እንዴ ቁርጠት ያደረጉት?" ስልኩን ዘረጉላት። "ደውዪልኝ።"

"አልደውልም።"

"ሰዓዳ!"

"አልደውልም አባዬ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳላነብ የተጫንኩት እኔ ነኝ። ያኔ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ስትውል አይቼሃለሁ። ሁለተኛ እንደዚያ ሆነህ ማየት አልችልም። እኔ ቀን ከሌት መርፌ ላይ ነኝ፤ አጠገብህ ቁጭ ብዬ የማነብበት ጊዜ የለኝም። ወላሂ፣ ብችል ኖሮ..."

"እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ የሰማሁት ይበቃኛል።"

"አይበቃህም! ትናንት ሰውየው ወንዙን ሊሻገር ነው አላልከኝም?"

አባትና ልጅ እንዲህ ተያይዘው፣ እሳቸው ደውዪ፣ እሷ አልደውልም ሲባባሉ፣ ከውስጥ የሆነ ነገር ሲጎተት ተሰማ። ሂክማ ከአልጋው ሥር ወጥታ ነበር። ጸጉሯ ላይ አቧራ አለ። በሁለት እጇ አንድ ጥራዙ የላላ ወፍራም መጽሐፍ ታቅፋለች። አቶ ይማም መጽሐፎቻቸውን ሁሉ በካርቶን አድርገው እዚያ ነበር ያስቀመጡት።

"እኔ አነብለታለሁ" አለች።

ሰዓዳ ዓይኗን ጠረገች። "የኔ እናት፣ ይኼ የትልቅ ሰው መጽሐፍ ነው።"

"ፊደሉ ግን ያው ነው" አለች ሂክማ። ከአያቷ ጎን ተቀመጠች፤ መጽሐፉ ከጭኗ ስለሰፋ ግማሹን በእሳቸው ጭን ላይ አሳረፈችው። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ጀመረች።

"ከ... ወን... ከወንዙ... ማ... ማዶ... አን... አንድ... ሰው... ቆ... ቆሞ... ነ... በር። ከወንዙ ማዶ አንድ ሰው ቆሞ ነበር!"

ሂክማ ቀና ብላ አያቷን አየች። አቶ ይማም አንገታቸውን ወደ እሷ ዘንበል አድርገዋል።

"ከዚያስ?" አሏት።

"ቆይ አባባ፣ ቀጥሎ ያለው ቃል ረጅም ነው።"

አቶ ይማም ሳቁ። ሳቃቸው ጀምሮ ሳይታሰብ እንባ ሆነ፤ በመዳፋቸው ፊታቸውን አበሱ። "አብሽሪ፤ አልቸኩልም" አሏት። ከዚያ ስልኩን ለሰዓዳ ዘረጉ። በዚህ ጊዜ ሰዓዳ ተቀብላ ደወለችላቸው።

ሶስና አነሳች። አቶ ይማም ስልክ ሲያወሩ እንደ ድሮ ሰው ጮክ ይላሉ።

"እኔ ይማም እባላለሁ፤ ከኮምቦልቻ ነው። ስምምነቱን ላፈርስ ነው የደወልኩ።"

"አባባ፣ ትረካው ይዘጋብዎታል፤ ያውቃሉ አይደል?"

"አውቃለሁ። ይዘጋ። ሌላ አንባቢ አግኝቻለሁ።"

በስልኩ ውስጥ ሶስና ስትስቅ ተሰማ። "እሺ አባባ። አነሳሁት።"

ሰዓዳ ስልኩን ወሰደች። "ሌላ ሰው ቀድሞ ወስዶት ቢሆንስ?"

"እሱን አላውቅም፤ አልዋሽዎትም" አለች ሶስና። "ካሁን በኋላ ግን ማንም አያገኘውም። የቀሩትንም የስልኩን ፎቶዎች አብሬ አውጥቻለሁ።"

ሰዓዳ ያን መልስ ዋጠችው። ያለው ያ ነበር።

እንግዲህ ሂክማ አነብባለሁ ስትል አቶ ይማም ደወሉ፤ አቶ ይማም ሲደውሉ ሶስና አነሳች፤ ሶስና ስታነሳ ኖላዊ ቀየረ። ኖላዊ በዚህ ጊዜ የማንንም ፎቶ አልፈለገም፤ ብዕር አንስቶ ሻንጣውን ይዞ የሚሰደድ አረንጓዴ ወስፋት በእጁ ሣለ። ኖላዊ ሲቀይር ጋሽ አየነው አተሙ፤ እንዳሉትም ሳይውሉ ሳያድሩ። ጋሽ አየነው ሲያትሙ አቶ ደምሰው ፈቀዱ፤ መኪናቸውን አስነስተው አዲሱን ራሳቸው ይዘው ወረዱ፤ መናኸሪያ ያለውንም በመንገዳቸው አነሱት። አቶ ደምሰው ሲፈቅዱ መክሊት አወረደች። በጥፍሯ ብላ የለ፣ በጥፍሯ ነው የጀመረችው፤ በኋላ ቢላዋ አመጣች። ፖስተሩ ሳይቀደድ ወረደ።

መክሊት ጠቅልላ ለሰዓዳ ሰጠቻት። "ምን ታደርጊዋለሽ? ላቃጥልልሽ?"

"የልጄን ፊት?" አለች ሰዓዳ። ቤት ወስዳ ጀርባውን ገለበጠችው። ነጭ፣ ወፍራም፣ ጥሩ ወረቀት ነበር። የሂክማን የዩኒፎርም ቀሚስ ልኬት ቆረጠችበት።

መክሊትም ስታወርድ፣ ሂክማ ትምህርት ቤት ሄደች።

አንድ ሁለት ልጆች "ወስፋት" ብለው ሊጠሯት ሞከሩ። ግን ግድግዳው ላይ ሻንጣ የያዘ ወስፋት እያለ እሷን ማን ያያል? ልጆቹ በአረንጓዴው ሲስቁ፣ ሂክማም አብራቸው ስቃ በበሩ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ታስቀምጥና በረንዳው ላይ ከአያቷ ጎን ትቀመጣለች። መጀመሪያ ሰሞን በቀን ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላላትም ነበር። ቃሉ ሲረዝም ትቆማለች፤ ስትደክም ውሃ ትጠጣለች፤ አንዳንዴ መስመር ትዘልና ወንዝ ውስጥ የነበረው ሰውዬ ድንገት ሠርግ ቤት ይገኛል። አቶ ይማም ግን ቅር አይላቸውም።

አንድ ቀን እንዲሁ ስታነብ ቆመች። "አባባ፣ 'ትዝታ' ማለት ምን ማለት ነው?"

አቶ ይማም መጽሐፉን በመዳፋቸው ዳበሱ። ከዚያ ስለ እናቷ እናት ነገሯት፤ ፋብሪካው በር ላይ ምሳ ይዛ ስትጠብቃቸው ምን ዓይነት ሻሽ ታስር እንደነበር፣ ስትቆጣ እንዴት እንደምትስቅ፣ አንድ ዝናባም ቀን ስለተጣሉበትና ስለታረቁበት። ሂክማ ጣቷን ቃሉ ላይ እንዳደረገች ሰማች። ውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ጠፋ፤ ሰዓዳም መስማቷ ነበር። ይህን ታሪክ እሷም ሰምታው አታውቅም።

አቶ ይማም ሲጨርሱ ወደ በሩ ዞር አሉ፤ ልጃቸው እዚያ መቆሟን ያውቃሉ።

"ሰዓዳ" አሉ። "ያ ስልክ ስንትና ስንት መጽሐፍ አነበበልኝ። አንድም ቀን ግን ይኼ ቃል ምን ማለት ነው ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።"

ሂክማ ጣቷን ከቃሉ ላይ አነሳችና ወደ ቀጣዩ አለፈች።

የኔም ተረት ከቤቱ ገባ፤ የሰማችሁኝም በሰላም ግቡ።